የሰኔ ሚካኤል በእስክንድርያ

ከአገር ወጥቶ በባዕድ ምድር መኖር ለወጣት ሰው የዕውቀትና የደስታ መንገድ ሊሆንለት ይችላል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ሥር ሰዶ ከቆየበት መሬት ተነቅሎ በሌላ መሬት እንደ መተከል ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የገንዘቡን፥ የልብሱንና የማደሪያውን ነገር ካሰበ በኋላ ሌላ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ይኸውም «በቤቴ ያለችው አሮጊት እናት በዚያ በምን ትጽናናለች?» የሚለው ነው። የዚህን ጥያቄ ክብደት እኔ የተረዳሁት በ2015 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ ከእናቴ፥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በግብፅ አገር በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ እስክንድርያ ከተማ በገባሁ ጊዜ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተም መካከል እናቱን ወይም አባቱን ይዞ ለመጓዝ የሚያስብ ይኖር ይሆናልና፥ ያየሁትን እነሆ እጽፍላችኋለሁ።

በዚያች ከተማ ለአንድ ዓመት እንድማር ፈቃድ አግኝቼ ነበር። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ስለ ሆነው እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ትተናት እንዳንሄድ ብቻዋን ትቀራለች፤ ይዘናት እንዳንሄድ ደግሞ ከአገሯ ወጥታ አታውቅም። በወሎ ተወልዳ፥ በአዲስ አበባ ልጆቿን ያሳደገች፥ ያን ጊዜ የ73 ዓመት ሰው ነበረች። በሰፈራችን በሚገኘው የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር ከ40 ዓመት በላይ ስትኖር፥ ወር በገባ በ12ኛው ቀን ማኅበርተኞቹ ከሚሰበሰቡበት ቤት ከወሊድና ከጽኑ ሕመም በቀር ቀርታ አታውቅም። ይህን ሁሉ ትታ እንድትከተለን በለመንኋት ጊዜ ሦስት ቀን ዝም አለች፤ በአራተኛው ቀን ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፥ እሄዳለሁ። ነገር ግን የሰኔን ሚካኤል በዚያ ላየው እፈልጋለሁ። ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ዝም ብሎ የሚያልፍበት አገር ከሆነ፥ በሳምንቱ ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

እኔም ቃል ገባሁላት። ቃሉ ቀላል አልነበረም። እርሷ ብትመለስ ብቻዋን ልትኖር ስለማትችል ባለቤቴና ልጆቼ አብረዋት መመለሳቸው ነው፤ እኔም ዓመቱን ያለ እነርሱ መግፋቴ ነው። ስለዚህ የቤታችን አንድነት በዚያች በአንዲት ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ በሻንጣዋ ውስጥ ዳዊቷን፥ ድርሳነ ሚካኤሏንና ሁለት ነጠላ አኖረች። የግንቦት 12 የማኅበሩን ዳቦ ቁራሽ ደግሞ በፀሐይ አድርቃ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ በእጅ ቦርሳዋ ያዘች።

ሰኔ 11 ቀን፥ በዕለተ እሑድ፥ ሌሊቱን በአውሮፕላን በርረን ጎሕ ሲቀድ ካይሮ ደረስን። እኩለ ቀን ሲሆን ራምሲስ ከተባለው ጣቢያ በምድር ባቡር ተሳፈርን። ይህ የካይሮና የእስክንድርያ ሐዲድ በ1856 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ፥ በአፍሪካ ምድር ከተዘረጉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። በመስኮቱ የሚታየው አገር እንደ ሰሌዳ የተስተካከለ ነው፤ ኮረብታ የሚባል ነገር የለበትም። የሩዝና የጥጥ እርሻ፥ የቴምር ዛፍ፥ በየመካከሉም የመስኖ ቦይ ይታያል። ባቡሩ ባንሃ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በታላቅ ድልድይ ላይ ሲያልፍ፥ «ይህ ወንዝ ምንድን ነው?» ብላ እናቴ ጠየቀችኝ። «ዓባይ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ይህ ነው» አልኋት። ለጥቂት ጊዜ ውኃውን ተመልክታ፥ «እንግዲያስ የአገራችን ውኃ ቀድሞን ደርሷላ» አለች። ከዚያ በኋላ ግን እስከ እስክንድርያ ድረስ አልተናገረችም። ዕለቱ እሑድ ሆኖ ሳለ ቅዳሴ ሳትሰማ መዋሏ እንደ ከበዳት ዐወቅሁ።

ከጣቢያው ወጥተን በእስክንድርያ በተለመደው ጥቁርና ቢጫ ቀለም ባለው ታክሲ ወደ ባሕሩ ዳር መንገድ ስንወጣ፥ የሰባት ዓመቱ ልጄ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ባሕር! ባሕር!» ብሎ ጮኸ። ነጂውም ወደ ኋላው ዘወር ብሎ እየሳቀ «ባሕር! ባሕር!» ብሎ መለሰለት። በዓረብኛም ባሕር ያው ባሕር ስለ ሆነ፥ ልጁ ከባዕድ ሰው ጋር በአንድ ቃል መግባባቱን እንደ ታላቅ ድል ቈጠረው። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት እኅቱ ግን አፏን ከፍታ ዝም ብላ ትመለከት ነበር። ሜዲትራንያን በዚያ ሰዓት ከዳር አረንጓዴ፥ ከመካከል ሰማያዊ፥ ከሩቅ ደግሞ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ወሰኑ የማይለይ ነበር። እናቴ አማተበችና፥ «ማዶው የታለ?» አለች። ማዶው አውሮፓ መሆኑንና በዓይን እንደማይታይ ነገርኋት። «ማዶ የሌለው ውኃ ደስ አይልም» አለች፤ ፊቷንም ወደ ቤቶቹ መለሰች።

የተከራየነው ቤት በአምስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ከሰገነቱ ላይ ምሥራቃዊው ወደብ እንደ ግማሽ ቀለበት ተዘርግቶ ይታያል። በወደቡ ጫፍ የቆመው የቃይትባይ ምሽግ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተሠራው፥ በጥንት ዘመን ከዓለም ድንቅ ሥራዎች እንደ አንዱ የሚቈጠረው የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ስፍራ ነው። ያ መብራት ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት መርከቦችን ከመራ በኋላ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ፥ ድንጋዩ ለምሽጉ መሥሪያ ሆነ። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው እናቴ የምትመለከተው ፀሐይዋን ነበር። በአገራችን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ የምትጠልቀው ፀሐይ በዚያ በሰኔ ወር 2 ሰዓት እስኪሆን አልጠልቅም ትላለች። እናቴም የሚካኤልን ዋዜማ ጸሎት የምትጀምርበትን ሰዓት ከሰማዩ ማወቅ ስላልቻለች፥ ዳዊቷን በእጇ እንደ ያዘች ትጠባበቅ ጀመር።

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ። በፎቁ ላይ የምትኖር አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ከልጇ ጋር ቆማለች፤ በእጇም ሳያዲያ የተባለውን በእስክንድርያ የታወቀ የሩዝና የዓሣ ምግብ በትልቅ ሳሕን ይዛለች። ልጇ በቤተ ክርስቲያን በዲቁና የሚያገለግል፥ በዩኒቨርሲቲ የሚማር ጐበዝ ሲሆን እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ በመካከላችን አስተርጓሚ ሆነ። ከኢትዮጵያ የመጡ ክርስቲያኖች ጎረቤት ሆኑልን ሲባሉ ሰምተው እንግዳ ሊቀበሉ መምጣታቸው ነበር። እናቴ ሳሕኑን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ወሩ የሐዋርያት ጾም ነው፤ እርሷም በጾም ዓሣ ቀምሳ አታውቅም።

«ይህች ሴት ክርስቲያን አይደለችም እንዴ? ጾሙን አያውቁትም?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ነገሩን አለዝቤ ለዲያቆኑ ብነግረው እርሱ ግን አልተቀየመም። «እኛም እየጾምን ነው» አለ፤ «ሥጋ፥ ወተትና እንቍላል አንነካም። ነገር ግን በሐዋርያት ጾም ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ዓሣ እንድንበላ አባቶቻችን ፈቅደውልናል።» ይህን በተረጐምሁላት ጊዜ እናቴ በአክብሮት እጅ ነሥታ፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን አልበላም» አለች። ባለቤቴም ሳሕኑን ተቀብላ ለሌሎቻችን ወደ ገበታው ብታቀርበው እጁን የሰደደ ሰው አልነበረም። የቤቱ ዝምታ ከበደ። እኔም በልቤ የሚመለሱበትን የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ማስላት ጀመርሁ።

ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት ወደ ቤቷ ተመልሳ የባቄላ ፉል፥ ከባቄላ የሚጠበሰውን ታዕሚያና ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። ሳሕኑን ስታስቀምጥም «ሲያሚ፥ ሲያሚ» ትል ነበር፤ ሲያሚ ማለት የጾም ምግብ ማለት መሆኑን ልጇ ነገረን። ቃሉ የእኛው «ጾም» ዘመድ ነው። እናቴ ዳቦውን ባርካ ቈረሰች። ጥቂት ከቀመሰች በኋላም ቀና ብላ፥ «ነገ ቀኑ ስንት ነው በልና ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ዲያቆኑ የፈረንጆቹን ቀን ነገረኝ። «እርሱን አይደለም» አለች እናቴ፤ «የቤተ ክርስቲያናቸውን ቀን።» እርሱም ከግድግዳቸው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቍጠሪያ አምጥቶ በጣቱ እያሳየ፥ «ነገ ባውና 12 ነው፤ የመላእክት አለቃ የሚካኤል በዓል ነው» አለ። «ሚካኤል» የሚለውን ቃል ያለ እኔ ትርጉም ሰማችው። ቁጥሩንም በጣቶቼ አሳየኋት። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሴትዮዋ ምን እንደ ሆነች ሳታውቅ አብራት አለቀሰች።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። የእኛም የግብፃውያን ክርስቲያኖችም ወር ከጥንታዊው የግብፅ አቈጣጠር የተቀዳ ነው፤ ሁለታችንም 30፥ 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮችና በመጨረሻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አለችን። የእኛ መስከረም የእነርሱ ቱት፥ የእኛ ኅዳር የእነርሱ ሃቱር፥ የእኛ ሰኔ የእነርሱ ባውና ነው፤ የእኛ ወር በሚብትበት ቀን የእነርሱም ይብታል። ዓመቱን ግን እነርሱ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ጀምረው «ዓመተ ሰማዕታት» እያሉ ስለሚቈጥሩ፥ የእኛ 2015 ዓ.ም. በእነርሱ ዘንድ 1739 ነበር። የእኛም ዓመተ ምሕረት ቢሆን ከዚያችው ከተማ የወጣ ነው፤ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኵሴ ያወጣውን ሒሳብ ስለምንከተል ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እናንሳለን። በየወሩ በ12 ሚካኤልን፥ በ21 እመቤታችንን ማሰብም የሁለታችንም ልማድ ነው። ኅዳር 12ና ሰኔ 12 ደግሞ በሁለቱም ዘንድ የመልአኩ ታላላቅ በዓላት ናቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ከጎረቤቶቻችን ጋር ራምል ከሚባለው የትራም ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ወደ ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሄድን። በበሩ ፖሊሶች ቆመው ቦርሳ ይፈትሻሉ። ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በሆሣዕና ዕለት፥ አንድ ሰው ፈንጂ ታጥቆ ሊገባ ሲል በጠባቂዎቹ ተከልክሎ በዚያው በር ላይ ራሱን ስላፈነዳ ምእመናንና ፖሊሶች ሞተዋል። ዲያቆኑ ስፍራውን በዓይኑ ብቻ አሳየኝ፤ አልተናገረም።

እናቴ ከደጃፉ ስትደርስ እንደ አገሯ ልማድ ጫማዋን አወለቀች። የዚያ አገር ምእመናን ግን ጫማቸውን እንደ ተጫሙ ገብተው በረጃጅም ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። መቋሚያ የለም፥ ከበሮ የለም፤ ዲያቆናቱ በጸናጽልና በሦስት ማዕዘን ብረት ያዜማሉ፤ ቅዳሴው በቅብጥና በዓረብኛ ነው። እናቴ በሴቶቹ ወገን ከጎረቤታችን ጎን ቆማ ግራ ቀኙን ትመለከት ነበር። በኋላ ግን ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኪርያላይሶን» ባለ ጊዜ አንገቷን ቀና አደረገች። ይህን ቃል በየዓመቱ በስቅለት ዕለት እየሰገደች ስትለው ኖራለች። ደግመው ሲሉትም ከእነርሱ ጋር አብራ አለች።

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ብዙ ሴቶች ከበቧት፤ በግንባሯ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችውን መስቀል ያያሉ። ጎረቤታችን እጅጌዋን ሰብስባ የቀኝ እጇን አንጓ ገልብጣ አሳየቻት፤ በዚያም ትንሽ መስቀል ተነቅሷል። ሌሎቹም እንዲሁ አንጓቸውን አሳዩ። የግብፅ ክርስቲያኖች ለልጆቻቸው ይህን ምልክት በእጃቸው ላይ ማስነቀሳቸው የቆየ ልማድ ነው። አንዲት አሮጊት «ሊቢያ» ብላ በጣቷ ወደ ባሕሩ አመለከተች፤ ሁላችንም ያለ አስተርጓሚ ገባን። የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚያው ባሕር ዳርቻ ስለ እምነታቸው የታረዱት 21 ሰማዕታት ከአንዱ በቀር የእነርሱ ልጆች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ በዚያው አገር የእኛ ልጆች እንዲሁ ሆነዋል። እናቴ አሮጊቷን አቅፋ ሳመቻት።

ከዚያም ለእያንዳንዱ ሰው የሚታደለው፥ መስቀል የታተመበት ትንሽ ክብ ኅብስት ደረሳት። በሁለት እጇ ተቀብላ ከሳመች በኋላ፥ የቋጠረችውን የማኅበሩን ደረቅ ቁራሽ ፈትታ ግማሹን ለጎረቤታችን ሰጠቻት። «የሚካኤል ነው በላት» አለችኝ። መተርጐም አላስፈለገኝም።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ለልጆቼ የሰኔ 12ን የስንክሳር ንባብ ከስፍራው ጋር አያይዤ ነገርኋቸው። ስንክሳራችን በእስክንድርያ ንግሥት ክሌዎፓትራ ያሠራችው ታላቅ የጣዖት ቤት እንደ ነበረ፥ ሊቀ ጳጳሳቱ አባ እለእስክንድሮስም ሕዝቡን መክሮ በዓሉን ወደ ቅዱስ ሚካኤል በዓል እንደ ለወጠው ይተርካል። ክሌዎፓትራ ያስጀመረችው፥ ቄሳርዮን ይባል የነበረው ቤተ ጣዖት ደግሞ በ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ የቆመበትም ስፍራ ከዚሁ ከራምል ጣቢያ አጠገብ ነው። ዛሬ በአደባባዩ ላይ ከእርሱ የተረፈ ነገር አይታይም፤ በፊቱ የነበሩት ሁለት ሐውልቶችም በ19ኛው መቶ ዓመት አንዱ ወደ ሎንዶን፥ ሌላው ወደ ኒው ዮርክ ተወስደዋል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ ወደ አክሱም የተመለሰው ከዚህች ከተማ መሆኑን ጨምሬ ነገርኋቸው። ሴት ልጄ አስባ፥ «እንግዲያስ ሚካኤልን ያከበርነው ስንክሳሩ በሚያወራበት ከተማ ነው ማለት ነው» አለች። ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህች አንዲት ቃል ደስ አሰኘችኝ።

ማታ እናቴን «እንግዲህ ምን ትያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዲህ ስትል መለሰች፦ «እነርሱ ከአባቶቻቸው እንዳገኙት ይጹሙ፤ እኔም ከአባቶቼ እንዳገኘሁት እጾማለሁ። ገበታችን ሁለት ነው፤ ቀናችን ግን አንድ ነው። እቆያለሁ።»

ዓመቱ ሁሉ ደስታ ነበር ብዬ አልጽፍም። እናቴ ባሕሩን እስከ መጨረሻው አልወደደችውም። ዓረብኛም ከሰላምታ በቀር አልተማረችም። በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኞቿ በስልክ ሲመርቋት ሰምታ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ነገር ግን ወር በገባ በ12ኛው ቀን የት እንደምትሄድና ከማን ጎን እንደምትቆም ታውቅ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 12 ቀን፥ ወደ አገራችን ልንመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረን፥ በዚያው ቤት ዳቦ ጋግራ ጎረቤታችንንና አምስት ሴቶችን ጠርታ ዘከረች። ዕለቱ ረቡዕ ቢሆንም በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ስለ ነበረ በእኛም በእነርሱም ዘንድ ጾም አልነበረም፤ በአንድ ገበታ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ ቀረበ።

ከዚህ የተማርሁትን ለቤተ ሰቦች ልንገር። ወደ ሩቅ አገር ስትሄዱ የአገራችሁን የቀን መቍጠሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁም በግድግዳ ላይ ስቀሉት። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤታቸው የፈረንጆችን ቀን ቢቈጥሩም፥ በቤት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ዕለቱ የማን መታሰቢያ እንደ ሆነም ንገሯቸው። ሽማግሌዎቻችሁን ስትወስዱ ለሰውነታቸው ማደሪያ ከመፈለግ ጋር በዓላቸውን የሚያከብሩበትን ደጅ ጠይቁላቸው። በምትደርሱበት አገር ያለው ክርስቲያን በአለባበሱ፥ በቋንቋውና በገበታው ከእናንተ ቢለይ ቶሎ አትፍረዱበት፤ አስቀድማችሁ የሚያከብረውን ቀን ጠይቁት። እናቴ ያንን ጥያቄ በዚያ ማታ ባትጠይቅ ኖሮ፥ ቤታችን ያንን ዓመት በሁለት አገር ተከፍሎ ባሳለፈው ነበር።